ፊታችን እንዲታይ፦ የካሜራ ማስተካከያዎችና የፎቶግራፍ ቃላት ለጀማሪዎች



ይህ መጽሔት ቤት ሲገባ ሁላችንም መጀመሪያ የምንገልጠው ፎቶ ያለበትን ገጽ ነው። የራሳችንን ፊት እንፈልጋለን፤ ከዚያ የጓደኞቻችንን፣ ከዚያ የመምህሮቻችንን። መጽሔቱ ደግሞ ጅቡቲ ላይ አይቀርም። ክረምት ሲመጣ በሻንጣ ተይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደሴ ይሄዳል። የልጅ ልጇን ለዓመታት ያላየች አያት መነጽሯን አጥልቃ «የኔ ልጅ የቱ ነው?» ትላለች። ፊቱ በጥላ ተውጦ ወይም ደብዝዞ ከወጣ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ አራተኛው» ብሎ ከመጠቆም በቀር ምን ይባላል?

የፎቶ ክበባችን ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ለዚህ ነው። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በውድ ካሜራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን የጥቂት ማስተካከያዎችን ትርጉም ያወቀ ሰው በአሮጌ ካሜራም ሆነ በስልክ የሰውን ፊት አጥርቶ ማንሳት እንደሚችል እናምናለን። ቃላቱ የውጭ ስለሆኑ ያስፈራሉ እንጂ ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ካሜራው ላይ የምታገኟቸው እነዚያው ቃላት ስለሆኑ ስማቸውን እንዳለ ይዘን ትርጉማቸውን እናስረዳለን።

ካሜራ ምን ይሠራል?

«ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በብርሃን መጻፍ ነው። ካሜራ ብርሃን የማያስገባ ጨለማ ሣጥን ነው። ፊት ለፊቱ ብርሃን የሚሰበስብ መስታወት አለ፤ ይህ ሌንስ ነው። ከሌንሱ ኋላ የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ አለ፤ ይህ ሻተር ነው። መጨረሻ ላይ ብርሃኑ የሚያርፍበት ሰሌዳ አለ፤ ይህ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች አሉ። እያንዳንዳቸው የሚሰጡት ነጥብ ፒክስል ይባላል። ወደ ጎን 6000፣ ወደ ታች 4000 ፒክስል ያለው ፎቶ በአጠቃላይ 24 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ «24 ሜጋፒክስል» የሚባለውም ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጣም በትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ ምስል 10,000 ፒክስል ብቻ ነበረው፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከዚያ ካሜራ በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ፒክስል አለው። ያልተለወጠው ጥያቄው ነው፦ ወደ ሣጥኑ ምን ያህል ብርሃን ይግባ?

ሦስቱ ቁልፎች

የብርሃኑን መጠን የሚወስኑ ሦስት ቁልፎች አሉ፦ አፐርቸር፣ የሻተር ፍጥነትና አይኤስኦ። ሦስቱም ብርሃኑን ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ፎቶው ላይ ሌላ ለውጥም ያመጣሉ። ፎቶግራፍ አንሺ የሚባለው ያንን ሌላ ለውጥ የሚያውቅ ሰው ነው።

አፐርቸር በሌንሱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ስፋት ነው። የሚጻፈው «ኤፍ» በሚለው ፊደልና በቁጥር ነው፦ ኤፍ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ ክፍል እናውቀዋለን፤ ቁጥሩ አካፋይ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2 ማለት 50 ለ2 ሲካፈል፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው። ኤፍ 8 ማለት 50 ለ8 ሲካፈል፣ ማለትም 6.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ በጻፍነው ተራ አንድ እርምጃ ወደ ትልቁ ቁጥር ስትሄዱ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

አፐርቸር ከብርሃኑ ሌላ የሚለውጠው ጥርት ብሎ የሚታየውን ክፍል ጥልቀት ነው። ይህ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ይባላል። ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ለምሳሌ በኤፍ 2፣ የተማሪዋ ፊት ጥርት ብሎ ከኋላዋ ያለው አጥር ይደበዝዛል። ቀዳዳው ሲጠብ፣ ለምሳሌ በኤፍ 11፣ ፊቷም አጥሩም አብረው ይጠራሉ። የአንድ ሰው ፎቶ ስታነሱ ሰፊውን፣ በሦስት ረድፍ የቆመ ክፍል ስታነሱ ጠባቡን የምትመርጡት ለዚህ ነው።

የሻተር ፍጥነት መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የሚለካው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው፦ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500፣ 1/1000። እዚህም እያንዳንዱ እርምጃ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ሌላው ለውጥ እንቅስቃሴ ላይ ነው። በ1/1000 ሰከንድ ኳስ አየር ላይ ቆማ ትታያለች። በ1/30 ሰከንድ የሚሮጥ ልጅ እንደ ጭስ ይጎተታል። የሚንቀሳቀሰው ልጁ ብቻ አይደለም፤ የእኛም እጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በእጅ ይዞ ለማንሳት አንድ ቀላል መመሪያ አለ፦ ፍጥነቱ ከሌንሱ ርዝመት አይዘግይ። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ1/60፣ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ1/250 አትውረዱ። ከዚያ በታች መውረድ ካለባችሁ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

አይኤስኦ ሴንሰሩ የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል እናጉላው የሚለው ነው፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600፣ 3200። ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ ፎቶው በእጥፍ ይደምቃል። የሰልፍ ማይክሮፎናችንን አስቡ። ድምፁን ስንጨምር የተናጋሪው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የነፋሱ ጩኸትና የማይክሮፎኑ ፉጨትም አብሮ ይጨምራል። አይኤስኦም እንዲሁ ነው፤ ሲበዛ በፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል። ስሙ ኖይዝ ነው፤ ጫጫታ እንደ ማለት። ስለዚህ ቀን ላይ 100 ወይም 200፣ በክፍል ውስጥ 800፣ በምሽት ዝግጅት 1600 እና ከዚያ በላይ መጠቀም የተለመደ ነው። ነጠብጣቡን ፈርቶ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ከማንሳት ግን አይኤስኦውን መጨመር ይሻላል። ነጠብጣብ ያለበት ፊት ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የተንቀጠቀጠ ፊት አይታወቅም።

ብርሃን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ አንድ ስቶፕ ይባላል። ሦስቱም ቁልፎች በስቶፕ ስለሚቆጠሩ አንዱን ስንቀንስ ሌላውን ጨምረን ማካካስ እንችላለን። ደመና በሌለበት የጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ሲሆን፣ ኤፍ 16 በ1/125 ይስማማል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን «ፀሐያማ 16» ይሉታል። ከዚያው ብርሃን ኤፍ 8 በ1/500 ወይም ኤፍ 5.6 በ1/1000 ማንሳት ይቻላል። ሦስቱም ፎቶዎች እኩል ይደምቃሉ። ልዩነታቸው በመጀመሪያው አጥሩ ሳይቀር መጥራቱ፣ በመጨረሻው ሯጩ አየር ላይ መቆሙ ነው። የቱን እንደምትመርጡ የሚወስነው ልታሳዩት የፈለጋችሁት ነገር ነው።

ካሜራው የማያውቀው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። ካሜራው በራሱ ሲሠራ ብርሃኑን የሚለካ ሜትር በውስጡ አለ። ሜትሩ ግን ፊት ለፊቱ ያለው ልጅ ይሁን ግድግዳ አያውቅም። የተሠራው በአንድ ግምት ነው፦ በፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል የሚል ግምት። ብዙ ጊዜ ግምቱ ይሠራል። በሁለት ቦታ ግን ያሳስተዋል።

አንደኛው ነጭ ሲበዛ ነው። በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ የባህል ቀን የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ፣ ወይም ከባሕር ጠለል በታች 150 ሜትር ያህል ላይ ያለው የአሳል ሐይቅ ጨው ፎቶውን ሲሞላው፣ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ከነጠላው በላይ ያለው ፊት ደግሞ በጥላ ይዋጣል። ሁለተኛው ጥቁር ሲበዛ ነው። በመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ጥቁር ገዋን የለበሱ ሕፃናት ፎቶውን ሲሞሉት ካሜራው «ብርሃን አነሰ» ብሎ ይጨምራል። ገዋኑ ግራጫ ይሆናል፤ የሕፃናቱ ፊት ከመጠን በላይ ነጥቶ መልኩን ያጣል።

መድኃኒቱ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ይባላል። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ በቃላችሁ ያዙ፦ ነጭ ሲበዛ ጨምሩ፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንሱ። ነጭ ግድግዳ ፊት ለቆመ ልጅ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አሳል ጨው ላይ 1.5 ሊያስፈልግ ይችላል። ለጥቁር ገዋን 0.7 ያህል ቀንሱ። ከዚያ ፎቶውን ከፍታችሁ እዩ፤ ካልበቃ እንደገና አስተካክሉ። ዲጂታል ካሜራ ፊልም አያስጨርስም።

ብርሃኑን በፊት ላይ ብቻ የሚለካ ስፖት ሜተሪንግ የሚባል ምርጫም አለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያው ግምት እዚህም አለ። የለካችሁት ፊት ጥቁር ከሆነ ካሜራው ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያፈካው ይሞክራልና ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። አጣቢው ማሽኑን የሚያስተካክለው የሸርሊ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ድረስ ነው። ጥቁርና ጠይም ሰው ከነጭ ሰው ጋር አብሮ ሲነሳ ዓይንና ጥርሱ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ይወጣ የነበረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጉግል በስልኩ ካሜራ ላይ «ሪል ቶን» የተባለ ማስተካከያ ያወጣውም ጥቁርና ጠይም ቆዳ በትክክለኛ ቀለሙ እንዲወጣ ነው። መሣሪያ የሚሠራው ሠሪው ያሰበለትን ነው፤ ሠሪው ያላሰበለትን ማሰብ ያለበት አንሺው ነው።

ፊት እንዲታይ ማድረግ ማለት ግን ፊትን ማንጣት ማለት አይደለም። ብዙ ስልኮች ቆዳ የሚያለሰልስና የሚያነጣ «ቢውቲ» የሚባል ማጣሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ሳንጠይቀው ተከፍቶ ይመጣል። እባካችሁ ለመጽሔቱ ስታነሱ አጥፉት። ጠይሟ ጠይም፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ የቀይ ዳማዋ የቀይ ዳማ፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ ይውጣ። አንድ ክፍል ውስጥ እነዚህ ሁሉ መልኮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁሉንም በአንድ ፎቶ በእኩል የሚያሳየው ማጣሪያ ሳይሆን በእኩል የተዘረጋ ብርሃን ነው።

ብርሃኑን መምረጥ

ጅቡቲ ብርሃን አያጥራትም፤ ችግራችን መብዛቱ ነው። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ፀሐይ በእኩለ ቀን በቀጥታ ከራሳችን በላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፤ የዓይን ጉድጓድ ግን ጥቁር ጥላ ይሆናል። ሰዉም ዓይኑን ጨፍኖ ይነሳል። ስለዚህ የውጭ ፎቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

በትምህርት ሰዓት መሃል ማንሳት ግድ ከሆነ ጥላ ፈልጉ። የበረንዳ ጠርዝ ወይም የሕንፃ ጥላ፣ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ተከፈተው ሰማይ አዙረው ከቆሙ፣ ከማንኛውም መብራት የተሻለ ነው። ሁሉም ጥላ ውስጥ ይግባ፤ ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ላይ ከቆመ የትኛውም ማስተካከያ አያስታርቃቸውም። የዛፍ ጥላም ፊት ላይ የብርሃን ጠብታ ስለሚጥል ተጠንቀቁ። በክፍል ውስጥ ተማሪውን ወደ መስኮት አዙሩት እንጂ መስኮቱን ከኋላው አታድርጉት። ከኋላው መሆኑ ካልቀረ ፍላሽ አብሩ። ፍላሽ ግን የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ነው። ከአዳራሹ መጨረሻ ሆኖ መድረክ ላይ ያለን ልጅ በፍላሽ ለማብራት መሞከር የፊተኛውን ሰው ማጅራት ከማብራት አያልፍም።

ፎከስና ሌንስ

ፎከስ ጥርት እንዲል የምንፈልገውን ቦታ ለካሜራው ማሳየት ነው። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫኑ፤ ካሜራው ሲይዝ ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ተጫኑ። የሰው ፎቶ ከሆነ ሁልጊዜ ዓይን ላይ ያዙ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፦ ለቆመ ሰው አንድ ጊዜ ይዞ የሚቆልፈው፣ ለሚሮጥ ደግሞ እየተከተለ የሚያስተካክለው። ስፖርት ላይ ሁለተኛውን ምረጡ።

በሌንሱ ላይ የምታዩት ሚሊ ሜትር የሌንሱ ርዝመት ነው። ትንሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 18፣ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን ዳር የቆሙትን ልጆች ይለጥጣል፤ ተጠግቶ ያነሱትን ሰው አፍንጫም ያተልቃል። ከ50 እስከ 85 ያለው ለሰው ፊት ይስማማል። 200 ሩቅ ሜዳ ላይ ያለውን ያቀርባል። ዙምም ሁለት ነው። ኦፕቲካል ዙም ሌንሱን አንቀሳቅሶ በእርግጥ ያቀርባል። ዲጂታል ዙም ግን ፎቶውን ቆርጦ ማተለቅ ብቻ ስለሆነ ጥራቱን ይጎዳል፤ በእግር መጠጋት ይሻላል።

ቀለምና መብራት

ዓይናችን ብርሃን ሲለዋወጥ ይለምዳል፤ ካሜራ ግን አይለምድም። የአምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ፣ የጥላ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዋይት ባላንስ የሚባለው ማስተካከያ ነጩ ነጭ እንዲሆን ያደርጋል። የፀሐይ፣ የደመና፣ የጥላና የአምፖል ሥዕሎች አሉት፤ ያላችሁበትን ምረጡ። ያን ጊዜ የፊት ቀለምም ይስተካከላል።

በክፍላችን መብራት ሥር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከወጡ ካሜራው ተበላሽቷል አትበሉ። የጅቡቲ መብራት፣ እንደ ኢትዮጵያው ሁሉ፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሻተሩ በጣም ሲፈጥን ርግብግቢቱን ይይዘዋል። ወደ 1/100 ወይም 1/50 ዝቅ አድርጉት፤ መስመሩ ይጠፋል።

የሞድ መዘውር

ካሜራው አናት ላይ ፊደላት ያሉበት መዘውር አለ። «አውቶ» ሁሉንም ለካሜራው ይተዋል። «ፒ» አፐርቸርና ሻተሩን ካሜራው ይመርጥና የቀረውን ለእናንተ ይተዋል፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። «ኤ»፣ በአንዳንድ ካሜራ «ኤቪ»፣ አፐርቸሩን እናንተ፣ ሻተሩን ካሜራው ይመርጣል። «ኤስ»፣ በአንዳንዱ «ቲቪ»፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ኤም» ሁሉንም ለእናንተ ይሰጣል። ክበባችን አዲስ አባላትን የሚያስጀምረው በ«ኤ» ነው። ለመጽሔቱ ከሚነሱት ፎቶዎች ለሦስቱ የምንጠቀምበት መነሻ ይኸው፦

- የክፍል ፎቶ፦ በ«ኤ» ሞድ ኤፍ 8፣ ሻተሩ ከ1/125 እንዳይወርድ አይኤስኦ 200 ወይም 400። ሦስት ረድፍ ከሆነ ፎከሱን ከፊተኛው ረድፍ ትንሽ ገባ ብሎ ያዙ። ቢያንስ ስድስት ጊዜ አንሱ፤ 40 ልጅ ባለበት አንዱ ዓይኑን መጨፈኑ አይቀርም።
- የምረቃ መድረክ፦ ኤፍ 2.8 ወይም ሌንሱ የሚፈቅደው ትንሹ ቁጥር፣ 1/100፣ አይኤስኦ 1600 ወይም ከዚያ በላይ። ለጥቁር ገዋን 0.7 መቀነስን አትርሱ።
- ስፖርት፦ በ«ኤስ» ሞድ 1/500 ወይም 1/1000፣ ፎከሱ ተከታዩ ዓይነት። ኳሷን ሳይሆን የተጫዋቹን ፊት ተከተሉ።

በስልክ ስታነሱ

ከወላጆች የሚደርሱን ፎቶዎች አብዛኞቹ በስልክ የተነሱ ናቸው፤ በእርግጥም ይበቃሉ። መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት ቅባት ፎቶውን እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ስክሪኑ ላይ የልጁን ፊት በጣት ንኩ፤ ስልኩ ፎከሱንም ብርሃኑንም እዚያ ላይ ይይዛል። በብዙ ስልኮች ከነካችሁት አጠገብ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ወደ ላይ ስትጎትቷት ይደምቃል፣ ወደ ታች ይቀንሳል። ይህቺ ፀሐይ ቀደም ብለን የነገርናችሁ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ናት። ነጭ ሲበዛ ጨምሩ፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንሱ የሚለው እዚህም ይሠራል።

ስትልኩልን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ዋትስአፕና ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ያሳንሱታል። ለስልክ ያምራል፤ ለኅትመት ግን አይበቃም። ጥራት ያለው ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ፎቶ 2 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ይበቃል፤ ሙሉ የኤ4 ገጽ ለመሙላት ግን 9 ሚሊዮን ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ፋይል» ወይም «ዶክዩመንት» በሚለው በኩል ላኩት፤ ያኔ ሳይነካ ይደርሳል። ፋይሉ ጄፔግ ከሆነ ለእኛ ይበቃል። ሮው የሚባለው የሴንሰሩን መረጃ ሁሉ የሚይዝ ትልቅ ፋይል ሲሆን በኋላ በኮምፒውተር ለሚያስተካክል ሰው ይጠቅማል።

የካሜራችሁን ቀንና ሰዓትም አስተካክሉ። ካሜራ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይቆጥርም፤ በፈረንጆቹ ቀንና በ24 ሰዓት ሙሉት። ከሁለት ካሜራ የመጡ የአንድ ቀን ፎቶዎች በተርታ የሚሰለፉት ሰዓታቸው ሲገጥም ብቻ ነው።

ፈቃድና ጥንቃቄ

ፎቶ ከማንሳታችን በፊት እንጠይቃለን። «አልፈልግም» ያለ ልጅ አይነሳም፤ «አጥፉት» ያለም ይጠፋለታል። ሲያለቅስ፣ ሲወድቅ ወይም ሲያፍር የተነሳ ፎቶ ለቀልድ አይላክም። የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለሕዝብ በሚታይ ገጽ ላይ አይለጠፍም። ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ወታደራዊ ቦታ ሲያጋጥመን ደግሞ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እናስገባለን፤ የምንኖርበትን አገር ሕግ ማክበር ግዴታችን ነው።

የጅቡቲ አየር ለካሜራ አይራራም። ኤርኮንዲሽን ካለበት ክፍል ወደ ውጭ ስንወጣ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል። ከመውጣታችሁ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ዘግታችሁ ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ እርጥበቱ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ነፋስና አቧራ ባለበት ሌንስ አትቀይሩ። ከባሕር ዳርቻ ወይም ከአሳል ስትመለሱ ጨው ስለሚበላው ሰውነቱን ትንሽ ረጠብ ባለ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት። በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አትተዉት።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መያዝ አይጠበቅባችሁም። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ፦ ነጠላ የለበሰች እናታችሁን ወይም አያታችሁን መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ያለምንም ማስተካከያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ 1 ስቶፕ ጨምራችሁ ሌላ ጊዜ አንሷቸው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አሳዩአቸው፤ የትኛው እሳቸውን እንደሚመስል ራሳቸው ይነግሯችኋል። የፎቶ ክበባችን በር ለሁሉም ክፍል ተማሪዎች ክፍት ነው፤ ካሜራ የሌለው ልጅም ይምጣ፤ ያለንን በተራ እንጠቀማለን። የሚመጣው ዓመት መጽሔት እንደ ዘንድሮው አገር ቤት ይሄዳልና፣ አያት «የኔ ልጅ የቱ ነው?» ብለው ሳይጠይቁ በገዛ ዓይናቸው የሚለዩት ፊት ይሁንልን።

መልካም ፎቶ ማንሳት!